አንድ ማንኪያ ውሃ

በመሥሪያ ቤታችን ስማቸውን የሚጠራ አልነበረም፤ «ሟርተኛው» ይባሉ ነበር። ያለ ሹፌር፣ ያለ ገመድ ብቻዋን ባሕር ገብታ ወለሉን ለክታ የምትመለስ መሣሪያ ነበረችን። የእሳቸው ሥራ ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት «ቀርታ ብትቀርስ?» ብሎ መጠየቅ ነበር። በዚህ ሥራ ወዳጅ አይገኝም።

አራታችንን፣ መሐንዲሷን፣ ቴክኒሻኑን፣ አንድ ባልደረባችንንና እኔን፣ ጠረጴዛ ዙሪያ ያስቀምጡና ቁራጭ ወረቀት ያድሉናል። «እንዲህ ያለ ጉዞ መቶ ጊዜ ብትሄድ ስንት ጊዜ ትጠፋለች? ጻፉ። ማንም ትንፍሽ እንዳይል!» አፈኛው ሌላውን እንዳይጎትት ነው። ከዚያ ሰብስበው፣ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠርገው ያነብባሉ።

በዚያ ሳምንት መሣሪያዋ ለመጀመሪያ ጊዜ በበረዶ ግግር ሥር ልትላክ ነበር። በክፍት ባሕር ብትታወክ ተንሳፍፋ ትጠብቀናለች፤ ከበረዶ ሥር ግን መውጫ የላትም። መሐንዲሷ ሰባት ዓመት ለፍታ የሠራቻት ናት፤ ምትክም የላትም።

የእኛ ወረቀቶች ሦስት፣ አራት፣ ሁለት፣ ሦስት አሉ። የእሳቸው ሃያ።

«ጋሼ፣ ደግሞ ጀመሩ!» አለች መሐንዲሷ። «ሠላሳ ስምንት ጊዜ ሄዳ ሠላሳ ስምንት ጊዜ ተመልሳለች። ምን አጠፋች?»

«መዝገቧ እንከን የለውም፣ ልጄ። የሚያስፈራኝ እሱ ነው» አሉ ድክም ባለ ድምፅ። ወደ ቴክኒሻኑ ዞሩ። «ስትከፍታት ውስጧ ደረቅ ነው?»

ቴክኒሻኑ አንገቱን አከከ። «ያው... አንዳንዴ ውሃ ቢጤ አለ። በጨርቅ ጠረግ አደርገዋለሁ።»

«ምን ያህል?»

«ባለፈው አንድ ማንኪያ ቢሆን ነው። ከዚያ በፊት ግማሽ።»

«ታዲያ ለምን አልተጻፈም?»

«ኧረ ጋሼ፣ በደኅና ተመልሳ ምን ብዬ ላስጽፍ?»

መዝገቡን የምይዘው እኔ ነበርኩ። «በደኅና ተመለሰች» ብዬ ሠላሳ ስምንት ጊዜ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ቀና ማለት አቃተኝ።

መሐንዲሷ ወረቀቷን መልሳ ወሰደች። ሦስቷን ሰርዛ ሠላሳ ጻፈችና ወጣች። የበረዶው ጉዞ ቀረ።

በምትኩ በክፍት ባሕር ለሙከራ ላክናት። ተመለሰች። «ይኸው መጣችልዎ፣ ሟርተኛው!» ብለው የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ሳቁባቸው። እሳቸውም ፈገግ አሉ። በበረዶ ሥር ትጠፋ እንደነበር በምን ያስረዳሉ? ሳትሄድ የቀረችበት ጉዞ ምስክር የለውም።

ቴክኒሻኑ ሲከፍታት ጨርቁን ከእጁ ወሰዱበትና ማንኪያ አስመጡ። ለኩ።

«አንድ ተኩል» አሉኝ። «ጻፊው፣ የኔ ልጅ።»

ጻፍኩ። ቀና ስል ኮታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ግድግዳውን ይዘው ደረጃውን ቀስ እያሉ ይወርዱ ነበር።