ሲስተር የሻሽወርቅ ያላሳየችው ሰው

ሲስተር የሻሽወርቅ ሰቆጣ ውስጥ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ናት። ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ ረጅም ነው፤ ቀምሼዋለሁ።

አምና ዓለም አቀፉ የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና ጉባኤ አንዱን ቀን እኛ ዘንድ እንዲውል ተወሰነ። የአስተናጋጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ እኔ ቅጣው ነበርኩ። አዳራሹን ቀለም አስቀባሁ፣ ባጃጆቹን አሳጠብኩ፣ ማሩንም አዘዝኩ። የጎደለኝ የዳነ ሰው ብቻ ነበር። እንግዶቹ የሚመጡት የሲስተርን ሥራ ሊያዩ ነውና መድረክ ላይ ወጥቶ «እንዲህ ነበርኩ፣ እንዲህ ሆንኩ» የሚል ታካሚ እንድታመጣ ጠየቅኋት።

«አይሆንም» አለች።

«ሲስተር፣ ካላዩ ባዶ ወሬ ነው ይሉናል!»

«ይበሉ። ስማቸው ከአፌ እንደማይወጣ ቃል ገብቼላቸዋለሁ። አቶ ቅጣው፣ እርስዎ የሚያሳዩት በግ ከፈለጉ የከብት ገበያው ወዲያ ነው።»

ተናደድኩ። እውነቱን ልናገርና፣ የፈራሁት ለእሷ ሳይሆን ለራሴ ስም ነበር።

ከታካሚዎቿ አንዷ የደሃናዋ ደብሬ ናት። ይህን ያኔ አላውቅም ነበር፤ ኋላ ራሷ ነግራኝ «ይጻፉት» ስላለችኝ ነው የምጽፈው። አረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ ሁለት ዓመት በር ተቆልፎባት ኖራለች። ከተመለሰች ወዲህ የተዘጋ ቤት ውስጥ መቀመጥ አቃታት፤ በዚያ በደሃና ብርድ በሯን ከፍታ ነበር የምታድረው። ሲስተር በአገሯ ቋንቋ በኽምጣንጋ እያጫወተቻት፣ መጀመሪያ በሩን ገርበብ አድርገው፣ ቀጥሎ አንድ አቡነ ዘበሰማያት እስኪደገም ዘግተው፣ ቀስ በቀስ አለማመደቻት። ሰው በሞላበት አዳራሽ ግን ገና አልሞከረችውም።

በጉባኤው ቀን ደብሬ ለመስተንግዶ ከቀጠርናቸው ሴቶች አንዷ ነበረች። ሲስተር ንግግሯን ገና ስትጀምር አንድ ሽበታም እንግዳ እጁን አነሣ። አስተርጓሚው፣ «መዳናቸውን በምን እናውቃለን? አንድ ሰው ቢያሳዩን» አለ። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

«ሙያ በልብ ነው ይላል አገሬ» አለች ሲስተር፣ ቅንጣት ሳትደነግጥ። «አሠራሬን አሳያችኋለሁ። ሰው ግን ለማሳያ አላወጣም።»

ይህን እያለች ነፋስ ገባ። አቧራው እንግዶቹን አለበሳቸው፣ ወረቀቱም በየወንበሩ ሥር ተበተነ። ደብሬ የውሃ ጆግ ይዛ፣ እንደ ልማዷ ከደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። ጆጉን አስቀመጠች። ወደ ውስጥ ገባችና ሁለቱን መዝጊያዎች ገጥማ መቀርቀሪያውን ወረወረችው። ከዚያ ጆጓን አንሥታ ከፊተኛው ረድፍ ጀምራ ውሃ ትቀዳ ጀመር።

ሲስተር ንግግሯን ትታ ወደ ደብሬ ዞረች። ያ ምላስ ሲያጥር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ንግግሯ የጠፋባት መስሎኝ «ቀጥይ እንጂ!» እያልኩ በዓይኔ ጎተጎትኳት። አላየችኝም፤ አንድ አቡነ ዘበሰማያት የሚያስደግም ያህል የደብሬን እጅ ስታይ ቆየች። ውሃው ጠብ ሳይል ብርጭቆዎቹ ሞሉ።

ሽበታሙ እንግዳ ብርጭቆውን ተቀብሎ፣ በሩን ስለዘጋችለት ደብሬን አመሰገናት። ጥያቄዬ አልተመለሰልኝም እንዳለ ነው አገሩ የገባው።