የያሃቺ ሁለተኛ ሌንስ

እማማ ታዙኮ ከየካሜራው ፊት የሚቀመጠውን የመግለጫ ካርድ ሲጽፉ ሃያ ሁለት ዓመት ኖረዋል። ከተማችን ኦካያ ከሐይቁ ዳር ናት፤ ማዘጋጃ ቤቱ የድሮ ካሜራዎች ያስቀመጠበት አዳራሽ ነበረው። እሳቸው በነጻ ይጽፋሉ፣ እኔ በነጻ አቧራ አራግፋለሁ።

አንድ ካሜራ ሲመጣ እንደ ሰው ያናግሩታል። «ሌንስህ ይቀየራል? የምታየውስ በየት በኩል ነው?» ሌንሱ የሚቀየር ከሆነ ወደ ግራው ክፍል ይገባል። እዚያም በመስታወት ረዳትነት በሌንሱ በኩል የሚያየው «ባለ አንድ ዓይን» ይባላል፤ በጎን መስኮት የሚያየው ሌላ መደርደሪያ አለው፤ መስታወቱን ጭራሽ የተወው አዲሱ ዓይነት ከበሩ አጠገብ ነው። ሌንሱ የማይቀየር ሁሉ ወደ ቀኝ።

ዘንድሮ የካቲት ላይ አዳራሹ እንዲፈርስ ተወሰነ። ወደ አውራጃው ሙዚየም የሚዛወረው የግራው ክፍል ብቻ ነው፤ የቀኙ በመጋቢት መጨረሻ ይወገዳል። አንዴ ለከተማው የተሰጠ ዕቃ ደግሞ ለግለሰብ አይመለስም።

በግራው ክፍል የእማማ ታዙኮ ባለቤት የያሃቺ ሥራ የሆነ፣ ለከተማው የሰጡት አንድ ካሜራ ነበር። ስድስት ሠራተኛ በነበረበት ወርክሾፕ በእጃቸው ሠሩት፤ ወርክሾፑም በዓመቱ ተዘጋ። ያሃቺ ከሞቱ በኋላ የተራራው ጭቃ ተንሸራቶ ቤቱን ሲወስደው ፎቷቸው እንኳ አልተረፈም። የቀረው ያ ካሜራ ብቻ ነው።

የሚዛወሩትን ካሜራዎች ሊመረምር ከአውራጃው የመጣው ተቆጣጣሪ ሞሞሴ የሚባል ጨዋ ወጣት ነው። ሌንሱን ጠምዘዝ ሲያደርገው ወጣ።

«ይኸው ይወጣል!» አሉ እማማ ታዙኮ።

«ሌላው ሌንስ የታለ?»

«የምን ሌላ?»

«የሚቀየር የሚባለው እኮ በምትኩ የሚገባ ሲኖር ነው፣ ወይዘሮ ታዙኮ። ይሄ ብቻውን ከሆነ የሚወጣው ለጽዳት ነው።»

«የእኔም ጥርስ ይወጣል፤ ምትክ ግን የለውም። ታዲያ እኔ ወዴት ነኝ?»

«ወደ ቀኝ!» አልኩ እየሳቅሁ። ወዲያው አፈርኩ፤ ፊታቸው ተለዋውጦ ነበር።

ያሃቺ ሩቅ የሚያቀርብ ሁለተኛ ሌንስ ሠርተው፣ ለትርኢት ቶኪዮ ተልኮ በዚያው እንደ ቀረ ይነግሯቸው ነበር። ሞሞሴ ሌንሱን እንዲያፈላልጉ ሦስት ሳምንት ሰጣቸው። ለሚያውቋቸው የድሮ ካሜራ ነጋዴዎች ሁሉ ጻፉ። መልሱ ሁሉ አንድ ነው፦ አናውቀውም። በመጨረሻ ቺኖ ከተማ በሚገኝ የአረጋውያን ቤት ወዳሉት፣ ከስድስቱ የወርክሾፑ ሠራተኞች በሕይወት ወደ ቀሩት ብቸኛ ሰው አብረን ሄድን። አዛውንቱ ሻይና በጨው የተቀመጠ ጎመን አቀረቡልን።

«ሁለተኛ ሌንስ? ያሃቺ ንድፉን ሥሎ አሳይቶኝ ነበር።»

«ሠራውስ?»

«እንጃ፣ እህቴ። ያ ሰው ሊሠራ ያሰበውንም እንደ ሠራው አድርጎ ያወራ ነበር።»

በባቡር ተመለስን። እኔ ግን በየማለዳው መጸለዬን አላቋረጥኩም፤ አንድ ደብዳቤ እንኳ ቢመጣ ብዬ። አልመጣም።

ሞሞሴ በቀጠሮው መጣና ከፊታቸው ተቀመጠ።

«ወይዘሮ ታዙኮ፣ ሌንሱን በዓይንዎ አይተውታል? አየሁ ካሉ 'ምስክር አለ' ብዬ እጽፋለሁ። ይበቃል።»

ልጁ በር ከፍቶላቸዋል። ከጠረጴዛው ሥር ጉልበታቸውን ነካ አደረግሁ።

«ሲያወራ ሰምቻለሁ» አሉ። «አላየሁም።»

«እስቲ ደግመው ያስቡበት…»

«ካርድ ላይ ያላየሁትን ጽፌ አላውቅም፣ ልጄ። ለእሱ ስል አንዱን ብዋሽ ሌሎቹን ማን ያምናቸዋል?»

ሞሞሴ አንገቱን ደፋ። «እንግዲያው ካርዱን እኔ ልጻፈው።»

«ተወው! ያንተ ጽሕፈት ዶሮ የጫረው ነው። በዚህ ላይ ደግሞ እሱን አታዋርደው።»

ቀለሙን ራሳቸው አሽተው በጠበጡ። ብሩሹን አንስተው የባላቸውን ስም፣ ዓመቱን፣ ከሥሩም «ሌንሱ የማይቀየር» ብለው ጻፉ። ቀለሙ እስኪደርቅ ጠብቀው ካሜራውን በሁለት እጃቸው አቅፈው ወደ ቀኙ ክፍል ወሰዱት። ልርዳዎት ብላቸው እንቢ አሉኝ።

እግዚአብሔር እውነታቸውን እንዳየላቸው አምናለሁ፤ እንዲህ ያለ ሰው ስላሳወቀኝም አመሰግነዋለሁ። ካሜራው ግን መጋቢት ሃያ ስምንት ቀን ከሌሎቹ ጋር ሊወገድ በመኪና ተጭኖ ሄደ። እማማ ታዙኮ መኪናው ሐይቁን ዞሮ እስኪሰወር በሩ ላይ ቆሙ፤ ከዚያ በኋላ ወደ አዳራሹ አልተመለሱም።