ምሕረት የማታውቀው እትዬ ምሕረት

ባለፈው ሳምንት ሰኞ ገበያ ቆሜ ቃሪያ ስመርጥ፣ ከጀርባዬ አንድ የልብስ ነጋዴ የድምፅ ማጉያውን ከፈተ። ማጉያው መጀመሪያ ሲጥ ብሎ ጆሮ ሰነጠቀ፤ ከዚያ የሰውዬው ቃላት ተሰባብረው፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየወደቀ መጣ። እጄ ሳላዘው ወደ ግራ ጆሮዬ ሄደ። ቃሪያ ሻጯ፣ «ምነው እህቴ፣ አመመሽ እንዴ?» አለችኝ። አላመመኝም። ጥርሴን ነክሼ ነበር።

ያን ሲጥታ የማውቀው በደርግ ጊዜ፣ ደሴ ዳገቱ ላይ ካለው ትምህርት ቤታችን ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነበር። ክፍሉ በልጅ ታጭቆ፣ ቾክና የኮንጎ ጫማ ላስቲክ ይሸታል። ጆሮዬ ሁሉንም ይሰማል፤ ችግሬ ሁሉንም ባንዴ መስማቴ ነበር። የመምህሩ ድምፅ፣ የዴስክ መንቋቋት፣ ከውጭ የሚያልፍ የጭነት መኪና፣ ሁሉም እኩል ሆኖ ይገባና ቃሉ ከመሀሉ ይጠፋብኛል። «ተነሺ» ሲሉኝ እቀመጣለሁ። «ቅል» ሲሉኝ «ቅር» ብዬ እጽፋለሁ። ቤት ግን አባቴ ከልብስ ስፌት መኪናው ቀና ብሎ፣ ፊቴን እያየ የነገረኝ ነገር አንድም አይጠፋኝም። ስለዚህ አባቴ ጎበዝ ይለኛል፤ ትምህርት ቤት ደግሞ ደንቆሮዋ ዘይነብ ነኝ።

ይህን ስም ያወጣልኝ ምክትል ዳይሬክተሩ ጓድ ታፈሰ ነው። ካኪ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ በአርማታው መድረክ ላይ ቆሞ፣ በየጧቱ በማጉያው መፈክር ያሰማል። እሱ «እናት አገር!» ሲል እኛ «ትቅደም!» እንላለን። «ኢምፔሪያሊዝም!» ሲል «ይውደም!» እንላለን። እኔ ሁልጊዜ አፌን ከፍቼ ከጎኔ ያለችውን ልጅ እከተላለሁ።

አንድ ቀን ጧት ነፋስ ነበር። ጓድ ታፈሰ «እናት አገር!» አለ፣ ማጉያው ሲጥ አለ፣ ሰልፉ ጮኸ፣ ጸጥ አለ። የሰማሁትን ለቅሜ እስክገጣጥም ዘገየሁና፣ ሁሉም ዝም ካለ በኋላ ቀጭን ድምፄ ብቻውን ወጣ።

«ትውደም!»

ጓድ ታፈሰ ከመድረኩ ሲወርድ የጫማው ብረት ይቃጭል ነበር። መዳፉን ከፍቶ ግራ ጆሮዬን አጮለኝ። ወደቅሁ። እዚያው ጠጠሩ ላይ እንዳለሁ፣ «ይህን ያስተማረሽ አባትሽ ነው!» ሲል ግን፣ ያን አንድ ነገር ጥርት አድርጌ ሰማሁት፤ ጎንበስ ብሎ ፊቴ ላይ ነበራ የተናገረው።

ከሰዓት በኋላ አባቴን ከስፌት መኪናው አንስተው ቀበሌ አሰሩት። ከኩታበር መጥቶ ደሴ የከተመ፣ ከመርፌና ከሶላቱ በቀር ሌላ የማያውቅ ሰው ነው። እኔም ጉዳዬ በመምህራን ስብሰባ እስኪታይ ከክፍል ታገድኩ። ውሳኔው መባረር እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። የአባቴ መፈታትም በዚያው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ልጅቷ አውቃ ነው ከተባለ፣ አባትየው ከቀበሌ ወደ ባሰ ቦታ ይሄዳል።

እትዬ ምሕረት ቤታችን የመጣችው በማግስቱ ነው። ሦስተኛ ክፍል አማርኛ የምታስተምረን፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ የግራጫ ሹራቧ ኪስ ሁልጊዜ በቾክ ስብርባሪ የተሞላ። የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ጴንጤ እንደሆነች ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ ግን ማንም ጮክ ብሎ አያነሳውም። ቁጣዋ ጩኸት የለውም። ስትናደድ ድምፅዋ ይቀንሳል፤ እኛም ያን ጊዜ ነበር የምንፈራት።

እናቴ እያለቀሰች፣ «ወላሂ እትዬ፣ ልጄ ክፉ ነገር አታውቅም» አለቻት።

«አውቃለሁ። አብሽሪ» አለቻት። የጴንጤዋን አፍ ያ የእኛ ቃል አያውከውም ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እኔም ወንድም ነበረኝ፣ ዘይነብ። እንዳንቺው ቃል ይምታታበት ነበር። ደንቆሮ ብለው፣ ገርፈው፣ ከትምህርት ቤት አስወጡት። ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ምንም አላደረግኩም። አሁን ግን ልጅ አይደለሁም።»

በማግስቱ ይዛኝ ወደ ኮምቦልቻ ወረደች። አውቶቡሱ የሀረጎን ቁልቁለት ሲጠማዘዝ የጋለ ፍሬን ሽታ ይገባ ነበር፤ ወደ ታች በወረድን ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል። የወሰደችኝ አብሮ አደግ ጓደኛዋ ሲስተር ፋጡማ ወደምትሠራበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክሊኒክ ነው። ሲስተር ፋጡማ ሸማኔ መኪኖቹ ጆሯቸውን የጎዷቸውን ሠራተኞች ስትመረምር የኖረች ነርስ ናት። ነጭ ጋዋኗ ላይ የጥጥ ብናኝ ተጣብቋል።

በሩን ዘግታ ከኋላዬ አንሾካሾከች፤ ያለችውን ሁሉ ደገምኩላት። የእጅ ሰዓቷን አርቃ አሰማችኝ፤ ሰማሁ። ከዚያ ወደ መኪኖቹ የሚያየውን መስኮት ከፈተችና፣ አፏን በካርቶን ጋርዳ እነዚያኑ ቃላት በደህና ድምፅ ተናገረች። አንዱንም አላገኘሁትም። ላብ አጠመቀኝ። ካርቶኑን አነሳች፤ ከንፈሯን ሳይ ከሞላ ጎደል መለስኩ።

«ጆሮዋ ደህና ነው» አለች ለእትዬ ምሕረት። «ያስቸገራት ቃሉን ከጫጫታው መለየቱ ነው። ስንፍና አይደለም፣ ድንቁርናም አይደለም። ግን እኔ ብቻዬን መድኃኒት የለኝም፣ አንቺም ብቻሽን አትችዪውም።»

ሦስተኛው ሰው የመዝሙር መምህራችን ጋሽ እንድሪስ ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስቱ በአንድ ልጅ ላይ መከሩ። ሲስተር ፋጡማ ምን ማድመጥ እንደሚከብደኝ ትነግራቸዋለች። ጋሽ እንድሪስ ቃሉን በከበሮ ይበትነዋል፤ ትቅ፣ ደም፤ ትው፣ ደም፤ የቱ ጋ እንደሚለያዩ በጣቴ እያስመታ ያሳየኛል። እትዬ ምሕረት ፊቷን ወደ እኔ አዙራ፣ ባጭር ባጭሩ እየተናገረች፣ እስክመልስ ትጠብቃለች። መጠበቅ ትችልበታለች። ማንም እንደዚያ ጠብቆኝ አያውቅም ነበር።

የስብሰባው ቀን ደረሰ። የመምህራኑ ክፍል የእርጥብ ካፖርት ይሸታል። አባቴን በዘብ አምጥተው ጥግ አቆሙት፤ ጺሙ አድጓል፣ ቆቡ የለም። ጓድ ታፈሰ ክሱን አሰማ፤ ሴራ፣ አሻጥር፣ የጠላት ቅስቀሳ አለ። እትዬ ምሕረት ጨርሶ እስኪቀመጥ ጠበቀች። ከዚያ ከኮምቦልቻ የመጣችው ሲስተር ፋጡማ የመረመረችውን እንድታስረዳ አደረገች። ጓድ ታፈሰ ሳቀ።

«የሚሰማ ጆሮ ይሰማል! ይህ ሁሉ የወይዛዝርት ተረት ነው።»

«እንግዲያው ጓድ ታፈሰ» አለች፤ ድምፅዋ ወርዶ ወርዶ ሹክሹክታ ሊሆን ምንም አልቀረው። «እርስዎ ጆሮዎ ደህና ነው። ጥቂት ቃል ልንገርዎና ሰሌዳው ላይ ይጻፉልን።»

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እምቢ ማለት አልቻለም። ቾኩን ይዞ ጀርባውን ሰጠ። ጋሽ እንድሪስ ከመድረኩ ያመጣውን ማጉያ ከፍቶ አስጮኸው፤ በሌላ እጁ ከበሮውን ይደልቃል። ቆርቆሮው ሁሉ ተንቀጠቀጠ። እትዬ ምሕረት ከኋላው ሆና ቃሎቹን አንድ በአንድ ተናገረች። እኔ ከአባቴ አጠገብ ቆሜ ከንፈሯን አይ ነበር። ተራራ አለች፤ ተላላ ብሎ ጻፈ። መንደር አለች፤ ማንደር ብሎ ጻፈና ሰረዘ። አንገቱ ሲቀላ ይታየኛል። ከዚያ ጥርት አድርጋ «ትቅደም» አለች። ከንፈሯን አይቻለሁ፤ ትቅደም ነው ያለችው።

«ትውደም» ብሎ ጻፈ።

ጋሽ እንድሪስ ማጉያውን አጠፋው። እትዬ ምሕረት ከኪሷ የቾክ ስብርባሪ አወጣች፤ ወደ ሰሌዳው ሄደችና ከሱ ቃል በፊት «እናት አገር» ብላ ጨመረችበት። ዞር አለች።

«ይህን የጻፈው ማነው?»

እሷም አንገቷን ገመድ ውስጥ እንዳስገባች ታውቅ ነበር። ሽማግሌው ዳይሬክተር ሊያጠፉት ሲነሱ በእጇ አገደቻቸው። «ይቅርታ፣ የጻፈው ያጥፋው።» ጓድ ታፈሰ ዳስተሩን ፈልጎ አጣ። በካኪ ኮቱ እጅጌ ጠረገው። ነጩ ብናኝ እክንዱ ላይ ቀረ። ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ያን ነጭ እጅጌ አያለሁ፤ ዛሬም ደስ ይለኛል።

እገዳዬ ተነሳ፤ አባቴም በዚያው ሳምንት ተፈታ። ለእትዬ ምሕረት ግን ያ ነገር ሳይከፈል አላለፈም። ወር ሳይሞላ በጴንጤነቷ ተጠቁማ ታሰረች፤ ስትፈታ ሩቅ ገጠር መደቧት። ልሰናበታት መናኸሪያ ሄድኩ። ያንዲት ሻንጣ ሰው ነበረች።

«እትዬ፣ በእኔ ምክንያት ነው» አልኳት።

ጎንበስ ብላ፣ ፊቷን ወደ ፊቴ አምጥታ፣ «በቀል የእግዚአብሔር ነው ይላል መጽሐፋችን» አለችኝ። «እኔ ትንሽ ቆንጥሬ ወስጃለሁ። እሱ ይቅር ይበለኝ እንጂ እኔ አልተጸጸትኩም።» ከዚያ በኋላ አላየኋትም። ደርግ ከወደቀ ወዲያ ባስጠይቅም፣ ጎጃም ገባች ከሚል ወሬ በቀር ያገኘሁት የለም።

ከመሄዷ በፊት ግን በዚያው ስብሰባ አንድ ነገር አስወስና ነበር። ዘይነብን የሚያናግር መምህር ሁሉ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ፣ ቀስ ብሎ ይናገር፤ ካልገባት ይድገምላት የሚል ውሳኔ ነው። ሽማግሌው ዳይሬክተር አጸደቁት። ሲስተር ፋጡማና ጋሽ እንድሪስ ስምንተኛ ክፍል እስክጨርስ መፈጸሙን ሲከታተሉ ኖሩ።

ጓድ ታፈሰም መምህር ነው። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ፖለቲካ ያስተማረን እሱ ነበር። ከዴስኬ ፊት መጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ፊቱን ፊቴ ላይ አድርጎ ያስረዳኛል። የአፍንጫውን ላብ አያለሁ። እያንዳንዷን ቃል አላምጦ ያወጣታል።

«ገባሽ?» ይለኛል።

ገብቶኛል። ከመጀመሪያው ገብቶኛል። እትዬ ምሕረት እንዳስተማረችኝ ሳልቸኩል ዓይን ዓይኑን አየዋለሁ።

«አልገባኝም፣ ጓድ» እለዋለሁ። «ይድገሙልኝ።»