አራቱ የጣሪያ መብራቶች

ሰፈሩ ሁሉ «ነገ ና» ይለው ነበር። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ጎሚስታ ነኝ፤ የእሱን የመኪና ኤሌትሪክ ቤትና የእኔን ጎማ ቤት የሚለያቸው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ሠርተናል። ሰው መኪናውን ይዞ ሲመጣ ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ ይላል፣ ሽቦውን በጣቱ እየተከተለ ያያል፣ ከዚያ ቀና ብሎ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ነገ ና» ይላል። ሰነፍ ሆኖ አይደለም። እጁ የገባ ነገር በጎደሎ እንዲወጣ አይፈልግም። ደንበኛው ሁሉ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያለ ይተርበው ነበር፤ አንድ የታክሲ ሹፌር ደግሞ «ያንተ እንቁላል ግን ሳይሄድ ጡረታ ሊወጣ ነው» ብሎት መንገደኛው ሁሉ ስቋል። እሱም አብሮ ይስቃል፤ ግን አይቸኩልም።

በተለይ ከባትሪ ለሚነሳ ሽቦ ድርድር አያውቅም። አንድ ስንዝር ሳይሄድ ፊውዝ ይግባለት ይላል፤ ሽቦው የሆነ ቦታ ተልጦ ብረት ቢነካ ፊውዟ ተቃጥላ መኪናውን ታተርፋለች። ሽቦ በብረት ቀዳዳ ካለፈም ቀዳዳው የጎማ ቀለበት ሊኖረው ግድ ነው፤ ያለዚያ የብረቱ ጠርዝ እንደ ቢላ ነው። ይህን ላገኘው ሁሉ ከመናገሩ የተነሳ፣ ከጎማና ከክሪክ ሌላ የማላውቀው እኔ እንኳ በቃሌ ይዤዋለሁ።

አላገባም። አባቱ ሲሞቱ እሱ አሥራ ስምንት፣ ታናሽ ወንድሙ ስድስት ዓመቱ ነበር። እናቱ ሆስፒታል አንሶላ ያጥቡ ነበር። ትምህርቱን ትቶ ካቻቢቴ ጨበጠ፣ ልጁንም አሳደገ። የትምህርት ቤት ፎርም ላይ «ወላጅ» በሚለው ቦታ የሚፈርመው እሱ ነበር። ልጁ አድጎ የውሃ ጉድጓድ በሚያስቆፍር መሥሪያ ቤት ሹፌር ሆነ። በጠባዩ ከወንድሙ ጋር ሰማይና ምድር ናቸው፤ ይህኛው ሳቂታ፣ ጯሂ፣ ለነገ የሚያሳድረው ነገር የሌለው። መስክ ውሎ ሲመለስ ገና ከመታጠፊያው ጡሩምባውን ይነፋል፤ እናቱም ከጓሮ ሆነው ያውቁታል። ሦስቱም እንጀራቸው፣ ኑሯቸው፣ ጭቅጭቃቸው በሁለት ክፍል ውስጥ ነበር፤ ደስተኛ ቤት ነበር ብል አልዋሸሁም።

የሚነዳው ትልቅ የመስክ መኪና ነው። ጉድጓዱ የሚቆፈርበት አገር ጥርጊያ መንገድ፣ ጫካና ጭጋግ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ጭጋጉ ሲወርድ የመኪናው የፊት መብራት ነጭ ግድግዳ ከማሳየት በቀር አይፈይድም። አንድ ጊዜ መንገድ ላይ የተኛች ላም ሊወጣባት ምንም አልቀረውም። መሥሪያ ቤቱን መብራት ጠይቆ ዝም ሲሉት፣ አራት የጣሪያ መብራት ከራሱ ኪስ ገዝቶ አንድ ቅዳሜ ወደ ቀትር ገደማ ይዞልን መጣ።

ሳጥኑን ሲከፍተው እኔም ሥራዬን ትቼ ሄድኩ። እያንዳንዳቸው የሻይ ሰሃን ያህላሉ፤ በአንድ የብረት ዘንግ ላይ ይታሰራሉ። ዘንጉን ከጣሪያው የዕቃ መጫኛ ጋር ስናስር በአንድ ጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ። ወንድሙ መኪናው ላይ ወጥቶ «ጋሼ፣ ግራው ወረድ ብሏል» እያለ ያዛል። ትንሹ ሽቦ በመስታወቱ ጥግ ወረደ፣ ማብሪያው ከመሪው አጠገብ ተተከለ። የቀረው ወፍራሙ ሽቦ ነው፤ ከባትሪው ተነስቶ፣ ሞተሩን ከጋቢናው በሚለየው ብረት ቀዳዳ አልፎ፣ ወደ ውስጥ የሚገባው።

እዚያ ላይ ነገር ተሰናከለ። ከመብራቶቹ ጋር የመጣው የፊውዝ ቤት ስንጥቅ ሆኖ ተገኘ። ነገ ናም መለዋወጫ የፊውዝ ቤትም ሆነ በልኩ የሚሆን የጎማ ቀለበት አልነበረውም። ማዶ ያለው የመለዋወጫ ሱቅ ቅዳሜ ከሰዓት ተዘግቷል። ወንድሙ ደግሞ እሑድ ማለዳ ሠራተኞች ጭኖ መውጣት አለበት። ነገ ና እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ። ምን ሊል እንደሆነ ገባኝ፤ ቀደምኩት።

«ለገዛ ወንድምህም ነገ ና ልትለው ነው?» አልኩት።

ወንድሙ ከጣሪያው ላይ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እሱም ፈገግ አለ፤ ጆሮው ግን ቀልቷል። ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣለ፣ ቴፕ አነሳ። ሽቦው በቀዳዳው በሚያልፍበት ላይ አምስት ስድስት ጊዜ ጠቀለለና ቀጥታ ከባትሪው ጋር አሰረው። ሲጨርስ ወንድሙን በመስኮቱ በኩል «ለጊዜው ነው። ሰኞ ስትመለስ ቤት ሳትገባ እዚህ ና» አለው። እሱም «እሺ ጋሼ» ብሎ አራቱንም አበራቸው። በጠራራ ፀሐይ እንኳ ዓይን ይወጉ ነበር።

ሰኞ አልመጣም። ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው ላኩት። ነገ ና በየሁለት ቀኑ ይደውልለት ነበር፤ ፊውዙንና ቀለበቱን ገዝቶ በወረቀት ጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጧል። «መጣሁ መጣሁ» ይላል ያኛው። ሦስት ሳምንት አለፈ።

በአራተኛው ሳምንት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ጭጋግ ውስጥ እየነዳ ሳለ መኪናው ተቃጠለ። ከኋላ ሁለት ሠራተኞች ነበሩ። እሱ ወርዶ አንዱን አወጣ። የሁለተኛው በር አልከፈት ሲል ተመልሶ በፊት በኩል ገባ፣ ሰውየውን በመቀመጫው ላይ ጎትቶ አወጣው። ሁለቱ ተረፉ። እሱ ከወገቡ በላይ ተቃጥሎ ሆስፒታል ገባ።

ሁለት ቀን ኖረ። ነገ ና ከአልጋው አጠገብ አልተነሳም። ስለ ፊውዙ ሊነግረው አፉን በከፈተ ቁጥር ወይ ነርሷ ትገባለች፣ ወይ ልጁ ያቃስታል፣ ወይ ድፍረቱ ይከዳዋል። በሁለተኛው ቀን ልጁ ራሱ ተናገረ፤ በመጨረሻ ከተናገራቸው ቃላት አንዱ ነው። «መብራቱ ግን ጥሩ ነበር፣ ጋሼ» አለው። «ቀን ነው የሚያስመስለው።»

አውቆ ይሁን ሳያውቅ፣ ሊያጽናናው ይሁን እንዲሁ ትዝ ብሎት፣ ማን ያውቃል? በማግስቱ ጠዋት አረፈ።

ከቀብሩ በኋላ ሁለተኛው የተረፈው ሠራተኛ እጁን በፋሻ እንደጠቀለለ ሊያጽናናን ሥራ ቦታችን ድረስ መጣ። መጀመሪያ የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ እንደሸተታቸው፣ ሹፌሩ የጣሪያውን መብራት እንዳጠፋ፣ ጭሱ ግን ከእግሩ ሥር መውጣቱን እንዳላቆመ ነገረን። ነገ ና ፒንሳ ይዞ ነበር። ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና ወደ ጓሮ ወጣ።

መኪናውን ያቃጠለው ያ ፊውዝ ያልገባለት ሽቦ መሆኑን ያን ዕለት ለእኔ ብቻ ተናገረ። እኔም «ሆድ ይፍጀው» አልኩት። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ ወንድምህ አይመለስ፣ እናትህን ለምን ደግመህ ትገድላቸዋለህ አልኩት። እውነቱን ለመናገር የፈራሁት ለራሴም ነው።

ሆድ ሊፈጀው ይችል ነበር፤ አንድ ደብዳቤ ባይመጣ። መሥሪያ ቤቱ ስለ አደጋው ያጠናቀረው ሪፖርት ሁለት ገጽ ነበር፤ መኪናው አጽሙ ብቻ ስለቀረ ብዙ የሚመረመር አልነበረም። መጨረሻው ላይ ቃጠሎው «አሽከርካሪው ሲያጨስ ከጣለው ሲጋራ ሳይነሳ አልቀረም» ይላል። እናቱ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። ከዚያ «ልጄ ሲጋራ አፉ አስገብቶ አያውቅም» አሉ። አልጮኹም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ ማክሰኞ መሥሪያ ቤቱ ደጅ ላይ ናቸው። ያች አንዲት መስመር እንድትሰረዝ ነው የሚፈልጉት፤ ሌላ ምንም አልጠየቁም። ልጃቸው ሰው አውጥቶ ሞቶ እንዴት በገዛ ሲጋራው መኪና አቃጠለ ተብሎ ይጻፍበታል? አውቶቡስ ላይ ደግፎ የሚያሳፍራቸው፣ ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር አጠገባቸው የሚቀመጠው፣ ማመልከቻውን የሚጽፍላቸው ነገ ና ነው። ስምንት ወር። ሲመለስ ፊቱ እንደ አመድ ሆኖ ሥራ ይጀምራል፤ አንድ የጡሩምባ ሽቦ ለመቀጠል ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። ደንበኞቹ ቀልዱን ተዉት፤ ቀጥለው እሱንም ተዉት።

በዘጠነኛው ወር አንድ አዲስ የክፍል ኃላፊ ልባቸው ራርቶ ጉዳዩ እንደገና ይታያል አሉ። የተረፈው ሠራተኛ ቃሉን ይስጥ፣ ባለሙያም ያስረዳ አሉ። እናቱ በደስታ እየፈጠኑ መጡ። «ባለሙያ ከየት እናመጣለን፣ እቤታችን እያለ» አሉ። «አንተው ትናገርለታለህ። ሲጋራ መኪና እንዲህ እንደማያቃጥል አንተ ታውቃለህ።»

እሑድ ከሰዓት አብሬው እንድገባ ለመነኝ። እናቱ ለማግስቱ ቀጠሮ የሚለብሱትን ጥቁር ቀሚስ እየተኮሱ ነበር። እሱ በሩ አጠገብ ቆሞ ነገራቸው። ምንም አላስቀረም፤ ስንጥቁን ፊውዝ ቤት፣ ቴፑን፣ የተዘጋውን ሱቅ ነገራቸው። የእኔን ቀልድ ብቻ አልነገራቸውም። እኔም አልተናገርኩም።

እናቱ ካውያውን ከቀሚሱ ላይ አነሱ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ዕቃው ቢኖር ስንት ደቂቃ ይፈጅብህ ነበር?»

«አሥር ደቂቃ፣ እማዬ።»

እጅጌውን ተኩሰው ጨረሱ። ቀሚሱን አጣጥፈው ወንበር ላይ አኖሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ ነገ አንተ ትወስደኛለህ» አሉኝ።

ሰኞ ሁለታችን ሄድን። ኃላፊው ከመቀመጫቸው ተነስተው ተቀበሏቸው። ሠራተኛው ቀድሞ መጥቶ ጥጉ ላይ ተቀምጧል። እናቱ ወንበር ሲሰጧቸው አልተቀመጡም።

«ልጄ ያጨስ ነበር» አሉ። «ከእኔ ደብቆ ነው። በኋላ ሰው ነገረኝ። የጻፋችሁት ትክክል ነው፤ መዝገቡን ዝጉት።»

ሠራተኛው ብድግ አለ። አራት ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ፣ በነፍሴ እምላለሁ፣ አጭሶ አያውቅም አለ። ሟቹ ሕይወቱን የሰጠለት ሰው ነው። እናቱ ሳያዩት «አንተ ምኑን ታውቃለህ» አሉት። ኃላፊው ግራ ተጋብተው ሁለቱን እያፈራረቁ አዩ፤ መጨረሻ ላይ ማህደሩን ዘጉት። ምን ያድርጉ?

አውቶቡስ ውስጥ እናቱ በመስኮቱ ሲያዩ ቆይተው፣ «አንዱን እሳት በላብኝ» አሉኝ። «የቀረኝን ደግሞ በገዛ እጄ ልስጣቸው?»

ነገ ና ይህን ሲሰማ እንደ እብድ ሆነ። ረቡዕ ብቻውን ሄዶ እውነቱን ለኃላፊው ተናገረ። ኃላፊው ሐዘን አእምሮውን የነካው ሰው መሰላቸው፤ ሻይ አዘዙለት፣ ታክሲ አስጠርተው ወደ ቤቱ ላኩት። ማህደሩ እንደተዘጋ ቀረ።

አሁን ሁለት ዓመት ሆነው። እናትና ልጅ እነዚያው ሁለት ክፍሎች ውስጥ ናቸው። ምሳውን ያቀርቡለታል፣ ሸሚዙን ያጥቡለታል፣ ሲያመው ግንባሩን ይዳስሱታል። ከዚህ ያለፈ ቃል ግን በመካከላቸው የለም። ጠያቂ ሲመጣና የሟቹ ነገር ሲነሳ እናቱ «ሲጋራው ነው ልጄን የበላብኝ» ይላሉ፤ ውሸቱ ለምዶባቸው ዝርዝር እስከመጨመር ደርሰዋል፤ የት እንደሚደብቀው፣ ልብሱ እንዴት ይሸት እንደነበር። እሱ እዚያው አጠገባቸው ተቀምጦ ይሰማል። ሠራተኛው ከዚያ ወዲህ ደጃቸውን አልረገጠም፤ መንገድ ላይ ሲያገኙት ሰላምታ አይሰጣቸውም፤ እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ።

ነገ ና የሥራ ቤቱን በየጠዋቱ ይከፍታል። ይጠርገዋል፣ ሽቦዎቹን በየቀለማቸው ይሰቅላል፣ በርጩማው ላይ ይቀመጣል። የማያውቀው ሰው መኪና ይዞ ከመጣ ወደ ሌላ ቤት ይልከዋል።

ባለፈው ዝናብ ይዞት እኔ ቤት ተጠልሎ ሳለ፣ ያን ሁሉ ጊዜ የደበቅኩትን አወጣሁት። ያኔ እኔ ባልቀልድ ኖሮ «ነገ ና» ትለው ነበር፣ የገደለው የእኔ አፍ ነው አልኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ እንዲቆጣ ፈልጌም ነበር።

«አፉ ያንተ ነው፤ እጁ ግን የኔ ነው» አለኝ፤ እንደ ተራ ነገር።

ዝናቡ ሲያባራ ኮሌታውን ከፍ አድርጎ ወደ ቤቱ ሄደ፤ እናቱ ምሳ አቅርበው ይጠብቁታል።