አሥራ ሦስትን ያልጻፈው ሎይድ

ሎይድ ሃልቮርሰን በካናዳዋ ዊኒፔግ ከተማ ላሉ አሳንሰሮች ፕሮግራም መጻፍ ከጀመረ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ሊመጣ የሚችለውን ሁሉ አንድ በአንድ ካልዘረዘረ እንቅልፍ አይወስደውም። አሳንሰሩ አንደኛው ማቆሚያ ላይ ከሆነ «1» አሳይ፤ ሁለተኛው ላይ ከሆነ «2» አሳይ፤ እንዲህ እያለ አንድም ሳያስቀር እስከ አሥራ ዘጠነኛው ይወርዳል። ከሥር ደግሞ ሁልጊዜ አንድ መስመር ያክላል፦ «ከእነዚህ ውጭ ከሆነ ለሎይድ ደውሉ»፣ ከነስልክ ቁጥሩ። የምቀመጠው አጠገቡ ነው፤ እውነቱን ለመናገር፣ ሲጽፍ ማየት ብቻውን ያደክማል።

አዲሷ አለቃችን ብሪያና ፔልቲየር ይህን ስታይ ሳቋን መያዝ አልቻለችም።

«ኧረ ሎይድ! ይሄ ፕሮግራም ነው የስልክ ማውጫ?»

«አሥራ ዘጠኝ ማቆሚያ ስላለ ነው።»

«እኔ በአንድ መስመር እገላግልሃለሁ፤ የማቆሚያውን ቁጥር እንዳለ አሳይ፣ አለቀ! ደግሞ ይቺ የመጨረሻዋ... ሃያኛ ማቆሚያ ከየት ሊመጣ? ማን ሊደውልልህ ነው?»

«አይታወቅም» አለ ሎይድ ሳንድዊቹን እያላመጠ።

ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት ነው የቀረው። ብሪያና ግን ነገሩን አልደበቀችውም፤ የእሷ መስመር ሐሙስ ከሠራ የሎይድ ሥራ በዚያው ያበቃል።

ሐሙስ ዕለት አሳንሰሩ ላለበት ሕንፃ ባለቤት፣ እዚያው ለሚኖሩት ለወይዘሮ ኩሊክ ልታሳይ ሄደች። ሎይድ ኩባያውን በወረቀት ጠቅልሎ ካርቶን ውስጥ ሲከት አንጀቴን በላው። ይኼኔ ስልኩ ጮኸ፤ ብሪያና ነበረች።

«ሎይድ፣ አሳንሰሩ ውስጥ ነን! ሴትዮዋ ቤታቸው ደርሰው አልወርድም አሉ!»

«ምን አሳየ?»

«አሥራ ሦስት!»

በእኛ ከተማ አሥራ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መኖር የሚፈልግ ስለሌለ፣ ከአሥራ ሁለት ቀጥሎ አሥራ አራት ነው። ሎይድ በእጁ ሲዘረዝር ቁጥሩን ዘሎ ለአሥራ ሦስተኛው ማቆሚያ «14» ጽፎለታል። የብሪያና መስመር ግን ዝም ብሎ ቆጠረ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ከወዲያ የአሮጊቷ ድምፅ ተሰማ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ አሥራ ሦስት ላይ ነው የተኛሁት? ባሌም የሞተው ለዚህ ነዋ!»

ሎይድ ከወንበሩ ተነሣ። «ወይዘሮ ኩሊክ፣ እርስዎ የሚኖሩት አሥራ አራተኛ ላይ ነው። በእጄ ነው የጻፍኩት።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አሥራ ሦስት ብዬ አልጻፍኩም። እኔ ያልጻፍኩት ፎቅ ደግሞ የለም።»

ሴትዮዋ ትንሽ አሰቡና ወረዱ። ብሪያና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የድሮውን ፕሮግራም አልጣልከውም አይደል?» አለች። «ነገም ትመጣለህ አይደል?»

«እመጣለሁ። ለመሆኑ ቁጥሬን ከየት አገኘሽው?»



«ከመጨረሻዋ መስመር» አለች።

ሎይድ ኩባያውን ከካርቶኑ አወጣ።