ባቡር ያመለጠው ጅብና የአባቴ ፈተና

ልጅ ሳለሁ አባቴ ተረት የሚያወራልኝ መብራት ሲጠፋ ብቻ ነበር፤ አቃቂ በሰቃ ደግሞ መብራት ለመጥፋት ሰበብ ስለማያጣ ከሰፈሩ ልጆች ሁሉ ተረት የጠገብኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም። መብራቱ ድርግም ሲል እናቴ «እሰይ፣ ጠፋልሽ!» ትለኝና ሻማ ፍለጋ መሳቢያ ትጎረጉራለች። አባቴ የከሰል ምድጃውን ከደጅ አምጥቶ ደፉ ላይ ያስቀምጣል፣ ጭሱ እንዲወጣ በሩን ገርበብ ያደርጋል፣ እኔ እግሩ ሥር ቁጢጥ እላለሁ። ያኔ ፊቱ ከታች በፍሙ ቀልቶ፣ ከላይ ጨልሞ ሳየው ቀኑን ሙሉ ፋብሪካ ሲለፋ የዋለው ሰው አይመስለኝም ነበር። ቱታው ግን የማሽን ዘይት ይሸት ነበር፤ እኔም የዘይቱን ሽታ ከተረቱ ለይቼ አላውቀውም ነበር።

አባቴ ክር ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ጠጋኝ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ከአንድ ረድፍ ማሽኖች ጋር ስለኖረ ሕመማቸውን በድምፃቸው ያውቅ ነበር፤ እናቴ «የኔን ሳል ሳይሰማ የማሽኑን ሳል ይሰማል» እያለች ትሸነቁጠው ነበር። አያቱ የባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ መሰለኝ፣ የሱ ተረት አውሬዎች ጫካ አይውሉም፤ ሁሉም ባቡር ይሳፈራሉ። ከሁሉም የምወደው ጅቡን ነበር። ይህ ጅብ ድሬዳዋ ላይ ትልቅ ሠርግ አለ ሲባል ሰምቶ አቃቂ ጣቢያ ይመጣል። ትኬት ስለሌለው ከጆንያ ክምር ጀርባ ተደብቆ ባቡሩን ሲጠብቅ እንቅልፍ ይጥለዋል። ሲነቃ ባቡሩ የለም። ዛሬ ይሂድ፣ ትናንት ይሂድ አያውቅም፤ ሐዲዱን ቢያሸት ሐዲዱ አይናገርም። አባቴ እዚህ ሲደርስ አፍንጫውን ወደ ወለሉ ዝቅ አድርጎ ሲያሸት እኔ በሳቅ እሞት ነበር።

ሰባተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት ፋብሪካው አዳዲስ ማሽኖች አስመጣ። የማሽኖቹ መመሪያ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ጠጋኞቹ ሁሉ የእንግሊዝኛ የጽሑፍ ፈተና ይፈተናሉ፣ የወደቀ ወደ መጋዘን ተዛውሮ ጭነት ያነሳል ተባለ። አባቴ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሶ ያቆመ ሰው ነው። ወገቡንም አንዴ ተጎድቶ ስለነበር እናቴ ወሬውን ስትሰማ «በዚህ ወገብህ?» ብላ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እሱን ያስጨነቀው ግን ወገቡ አልነበረም። እነዚያን ማሽኖች ሌላ ሰው ሲነካቸው ቆሞ ማየት ነበር ያስፈራው።

ለፈተናው ማጥኛ የታደለው ቀጭን የፎቶ ኮፒ ጥራዝ ነበር፤ የመጨረሻው ምዕራፍ ስለ ክሎዝ፣ ማለትም ስለ ዓረፍተ ነገር ክፍሎች፣ ይላል። ዓረፍተ ነገር ውስጥ ዋናው ክሎዝ የቱ እንደሆነ፣ ጥገኛው የቱ እንደሆነ፣ ጥገኛው ደግሞ ምን ዓይነት እንደሆነ መለየት ነው ነገሩ። የአባቴ ጓደኞች «ማሽኑ ከጥጥ ሌላ ክሎዝ መፍተል ጀመረ እንዴ?» እያሉ ቀለዱበት። እሱ ግን ጥራዙን ይዞልኝ መጣና «ሚጣ፣ እስቲ አስተምሪኝ» አለኝ።

ከክፍሌ አንደኛ ነበር የምወጣው። እውነቱን ለመናገር ጉራዬ አይጣል ነበር። ዋናው ክሎዝ ብቻውን ይቆማል፣ ጥገኛው ብቻውን አይቆምም ብዬ የአስተማሪያችንን ድምፅ እያስመሰልኩ አስረዳሁት። አባቴ ትንሽ አሰበና «ጅቡ አለቀሰ ብልሽ ገብቶሽ ዝም ትያለሽ» አለ። «ባቡሩ ሲሄድ ብዬ ባቆምብሽ ግን ‹እና?› ትይኛለሽ። እንግዲህ ‹እና?› የሚያስብለው ጥገኛው ነው ማለት ነው?» አስተማሪያችን ሳምንት ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ የሞላበትን ነገር እሱ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው። እኔ ግን «ትክክል» ከማለት በቀር አላደነቅኩትም፤ እንዲያውም ትንሽ ቀናሁ።

ዓይነታቸውን ለመለየት ትምህርት ቤት በዜማ የምንለው ነገር ነበረን፦ ዌን ካለ ጊዜ፣ ዌር ካለ ቦታ፣ ቢኮዝ ካለ ምክንያት። እሱንም አስጠናሁት። ጥናቱ እንዳይሰለቸው ብዬ በእንቆቅልሽ አደረግነው። እንቆቅልሽ ደግሞ ሕጉ የታወቀ ነው፤ መልሱ የጠፋው ሰው አገር ይሰጣል፣ አገር የተቀበለው ሰው ተሸናፊውን እንዳሻው ይሰድባል። እኔ እጠይቃለሁ፣ አባቴ ይሳሳትና የባቡሩን መንገድ ተከትሎ አንድ ባንድ ይሰጠኛል። መጀመሪያ ድሬዳዋን፣ ከዚያ አዋሽን፣ ከዚያ ናዝሬትን ሰጠኝ። እኔም «ናዝሬት ገብቼ ምን አጥቼ! ብርቱካኑን እኔ ልብላ፣ ልጣጩን አንተ ልቀም!» እያልኩ እጨፍርበታለሁ። እንዲህ እየሳቅን ሁለት ሳምንት አለፈ፤ ከዕለት ወደ ዕለትም ስህተቱ እየቀነሰ ሄደ። አቃቂን ብቻ ሳይሰጠኝ ቀርቷል። «ቤታችን ያለበት አገር አይሰጥም» ይለኝ ነበር።

ለፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ እራት ሳይቀርብ መብራት ጠፋ። አባቴ ደስ እንዲለው ብዬ በሻማው ብርሃን ደብተሬ ላይ ስለ ጅቡ ሁለት ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። አንዱ «ባቡሩ ሲሄድ ጅቡ አለቀሰ» የሚል ነው፣ ሌላው «ባቡሩ መቼ እንደሄደ ጅቡ አያውቅም» የሚል። በእንግሊዝኛው ሁለቱም ውስጥ ያቺው «ዌን» አለች።

«እንቆቅልህ!» አልኩት።

«ምን አውቅልሽ!»

«የሁለቱም ጥገኛ ክሎዝ ዓይነቱ ምንድን ነው?»

አባቴ ደብተሩን ወደ ሻማው አስጠጋ። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ወደ አማርኛ መለሳቸው። «የመጀመሪያው የጊዜ ነው» አለ። «መቼ አለቀሰ ቢሉ፣ ባቡሩ ሲሄድ።»

«ጎበዝ! ሁለተኛውስ?»

«ሁለተኛው የጊዜ አይደለም።»

«ነው!»

«ቆይ እስቲ ሚጣ፣ አትቸኩዪ። አያውቅም ነው የሚለው። ምኑን ነው የማያውቀው? ይሄን። እንደ አንድ ዕቃ በይው። በሱ ቦታ ‹ስሜን አያውቅም› ብትዪ ይገባል። ስለ ጊዜ ያወራ እንጂ፣ ሥራው የጊዜ አይደለም።»

«ዌን አለው አይደል? ዌን ካለው የጊዜ ነው! አገር ስጠኝ!»

እሱም ሊተወው አልፈለገም፤ «ኧረ ልጄ፣ የሆነ ነገርማ አለው» እያለ ደጋግሞ አነበበው። እናቴ ከወዲያ ሆና «አንተ ሰውዬ፣ ከልጅቱ ጋር ምን ያከራክርሃል? የተማረችው እሷ!» አለችው። ያኔ አባቴ ደብተሩን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። አየኝ። ፊቴ ላይ ያየው ነገር ምን እንደነበር አላውቅም፤ እርግጠኝነቴ ይሆናል።

«በቃ፣ አቃቂን ሰጠሁሽ» አለኝ።

ከመቀመጫዬ ዘለልኩ። «አቃቂ ገብቼ ምን አጥቼ! እኔ ከቤት ልተኛ፣ አንተ ከደጅ እደር!» ብዬ ጮህኩ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ጥራዙን አውጥቶ ከአንዱ ጥያቄ ጎን በእርሳስ የጻፈውን መልስ፣ ላጲስ ስላልነበረው፣ በአውራ ጣቱ አሽቶ አጠፋውና የኔን ጻፈበት።

ፈተናውን ቅዳሜ ተፈተነ። ውጤቱ ሲመጣ ወረቀቱን አራት አጥፎ በደረት ኪሱ ይዞት ገባ። ማለፊያው በሁለት ጥያቄ ጎድሎታል። ገለጥኩት። ከክሎዙ ጥያቄዎች ሦስቱ ላይ ቀይ ኤክስ ተደርጎባቸዋል፤ ሦስቱም «ዌን» ያለባቸው፣ ሦስቱም «የጊዜ» ተብለው የተመለሱ። «ያረመው ሰው ተሳስቶ ነው!» አልኩ። አባቴ «እነሱ አይሳሳቱም፣ ልጄ» ብሎ ወረቀቱን መልሶ አጠፈው። በወሩ መጋዘን ገባ።

ከዚያ በኋላ መብራት ሲጠፋ እንደ ድሮው እግሩ ሥር እቀመጥ ነበር። እሱ ግን ወለሉ ላይ በጀርባው ተጋድሞ «ዛሬ ወገቤን ላሳርፍ» ይለኛል። እናቴ ጨው አሙቃ፣ በጨርቅ ቋጥራ ወገቡ ላይ ታኖርለታለች። ፍሙ ያለ ተረት አመድ ይለብሳል።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ቀን የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ሰሌዳው ላይ ጻፈ። ሁለቱም «ዌን» አለባቸው። የመጀመሪያው የጊዜ ነው አለ፤ ሁለተኛው ግን የስም ቦታ ስለያዘ የስም ክሎዝ ነው አለ። ለማረጋገጥ ክሎዙን አንሱና በቦታው አንድ ስም ተኩበት፣ ከገባ ስም ነው አለን። አባቴ ያለኝ ይህንኑ ነበር፤ ማንም ሳያስተምረው፣ ከጅቡ ተነስቶ። አስፈቅጄ ወጣሁና ቧንቧው አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። የማለቅሰው ለማን እንደሆነ እንኳ አላውቅም ነበር።

ማታ ልነግረው ቆርጬ ገባሁ። እናቴ የሞቀውን ጨው ወገቡ ላይ ስታኖር፣ እሱም ጥርሱን ነክሶ ሲያቃስት አገኘኋቸው። ብነግረውስ ምን ላደርግለት? ፋብሪካው ልጅቷ ናት ያሳሳተችው ብሎ ወደ ማሽኖቹ አይመልሰው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ሻማውን አስተካከልኩና ሳልናገር ቀረሁ። የዚያን ቀን ዝም ያልኩት ዓመታት ቆየ።

አሁን ገላን ኮንዶሚኒየም እኖራለሁ፤ መሥሪያ ቤቴ እንግሊዝኛ ደብዳቤ ሲኖር ወደኔ ይመራል። እሁድ እሁድ እነ አባቴን እጠይቃለሁ። ባለፈው ክረምት አንዱን እሁድ፣ እዚያው ፋብሪካ የተቀጠረ የጎረቤት ልጅ መጥቶ አባቴን «ጋሼ፣ እርስዎ ከማሽኖቹ ለምን ወጡ?» ብሎ ጠየቀው። አባቴ ወደኔ አገጩን ቀና አድርጎ፣ ደስ ብሎት፣ «ይቺ ልጄ አስተምራኝ ነበር» አለው። «ገና ሰባተኛ ክፍል ሆና! እሷማ አሳምራ አስተምራኛለች፤ የኔ ራስ ደረቅ ሆኖ ነው የወደቅኩት።»

አላስቻለኝም። «አባዬ» አልኩት፣ «ያኔ ልክ የነበርከው አንተ ነህ። ያሳሳትኩህ እኔ ነኝ።» ወረቀት አወጣሁ። ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ጻፍኩለት። በክሎዙ ቦታ ስም ተክቼ አሳየሁት። አባቴ ወረቀቱን አላየውም፤ እኔን ነው ያየው። ከዚያ እጄን ይዞ መታ መታ አደረገኝ።

«ተዪ እንጂ ልጄ» አለኝ። «ይሄ ሁሉ ዓመት አልፎ እኔን ለማጽናናት ትዋሺያለሽ?»

ምዬ ነገርኩት። ሳቀብኝ። እንግዳው ልጅም አብሮት ሳቀ፣ እናቴም ከጓዳ «ተዪው፣ ያለፈ ነገር» አለችኝ። ከልጅነቴ ምን ቀረሽ ብባል ፍሙን፣ ጭሱን፣ የጅቡን አፍንጫ እቆጥራለሁ። ከሁሉ ግን የከበደኝ ይሄ ነው፦ ተሳስቼ በጮህኩበት ቀን አባቴ አምኖኛል፤ አሁን ያለኝ እንግሊዝኛ ሁሉ ተሰብስቦ ግን ልክ እንደነበረ ሊያሳምንልኝ አልቻለም።