ብሩክታዊት የተሰገደላት ቀን

ቦጋለች ንፋስ መውጫ ዳር ባለው የመንገድ ሥራ ካምፕ ለአንድ ህንዳዊ መሐንዲስ ቤት ልብስ እያጠበች፣ ቤት እያጸዳች ትተዳደር ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ እሷንና ትንሽ ልጇን ብሩክታዊትን ያቆማቸው ይኸው ሥራ ነው። የመሐንዲሱ ሚስት ላታ ሰው ወዳድ ናት። አማርኛ ለምዳ ወንድና ሴቱን ግን መለየት አቅቷት፣ "ቦጋለች፣ ና! ሻይ ጠጣ!" ስትላት ቦጋለች በሳቅ ትንከተከት ነበር።

መስቀል አልፎ ጥቅምት ሲቃረብ ላታ የአገሯን በዓል ያዘች። ዱርጋ ለምትባል ሴት አምላካቸው ዘጠኝ ቀን ይጾማሉ፣ መብራት ያበራሉ። ሳሎኗ ጥግ አንበሳ ላይ የተቀመጠች፣ ብዙ እጅ ያላት የሴት ሥዕል አቁማ ጧት ማታ ትሰግዳለች። ቦጋለች በዚያ በኩል ስታልፍ ፊቷን አዙራ በልቧ ታማትባለች። "የሰው አገር ሃይማኖት ነው፤ እኔ ምን አገባኝ?" ትላለች።

በበዓሉ ማብቂያ ዋዜማ ግን ላታ፣ "ነገ ብሩክታዊት አምጣ። ልጅ ይበላል፣ ደስ ይላል" አለቻት። ቦጋለችም ግብዣ ብቻ መስሏት ልጇን አጥባ፣ ጠጉሯን ጎንጉና ወሰደቻት።

ላታ ልጅቱን ሥዕሉ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። የናስ ሳህን አምጥታ በርከክ አለችና የልጅቱን እግር አጠበች፤ በልብሷ ጫፍ አደረቀችው። ግንባሯን ቀይ ቀብታ፣ አበባ አንገቷ ላይ አጥልቃ፣ ጎንበስ ብላ የልጅቱን እግር በግንባሯ ነካች። ከዚያ ሽንብራና በቅቤ፣ በስኳር የተሠራ ገንፎ አቀረበችላት።

ቦጋለች በር ላይ ደርቃ ቀረች። እግርስ ለእንግዳም ይታጠባል፤ ያስደነገጣት ስግደቱ ነው።

"ማዳም፣ ይሄ ለምንድን ነው?"

"ዛሬ ትንሽ ሴት ልጅ ሁሉ ዱርጋ ነው" አለች ላታ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። "አገሬ ብዙ ልጅ ይመጣል። እዚህ ማንም የለም።"

ቦጋለች ልጇን መንጥቃ ልታነሣ አሰበች፤ የላታን ፊት ስታይ አቃታት። ብሩክታዊት ገንፎውን ጣቷን እየላሰች ጨረሰችው።

ብዙም ሳይቆይ ልጅቱን ትኩሳት ጣላት። ጎረቤቷ ጽጌ ወሬውን ከካምፑ ዘበኛ ሰምታ ኖሮ፣ "ለጣዖት የቀረበ አብልተሻት ምን ትጠብቂ ኖሯል?" አለቻት። ቦጋለች ልጇን ጤና ጣቢያ አሳይታ፣ መድኃኒቱን እንደያዘች ከነፍስ አባቷ ከአባ መሐሪ ዘንድ ሄዳ፣ ልጇን ይዛ ከጣዖት በዓል መዋሏን ነገረቻቸው።

"ሰግደሻል?" አሏት።

"ኧረ አልሰገድሁም፣ አባቴ።"

"ልጅቱስ?"

"እሷማ የተሰገደላት ናት።"

"እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም" አሉ አባ መሐሪ። "እሷ ሕፃን ናት፣ ምን ታውቃለች። አንድ ሱባኤ ጠበል አስጠምቂያት። አንቺ ግን ከዚያ ቤት እግርሽን አንሺ።"

ቦጋለች ሥራውን ተወች። ልጅቱ ተሻላት፤ በጠበሉ ይሁን በመድኃኒቱ ማን ያውቃል።

አንድ ቀን ላታ ሙዝ ይዛ ደጇ ድረስ መጣች። ጽጌ ከአጥሩ ማዶ ቆማ ታያለች።

"ብሩክታዊት ታመመ? እኔ ልየው?"

"ደኅና ናት። አይግቡ፣ ማዳም።"

"እኔ ምን አጠፋሁ?"

"ምንም አላጠፉም። ደግ ነዎት። ሃይማኖቴ ነው።"

ላታ ገባትም አልገባትም፣ ሙዙን መድረኩ ላይ አስቀምጣ ሄደች። "አውጥተሽ ጣይው!" አለች ጽጌ። ቦጋለች ግን ሲመሻሽ በሩን ዘግታ ልጦ ልጦ ለልጇ አበላቻት። ይህን ለአባ መሐሪ አልተናገረችም።

ከጊዜ በኋላ የአካባቢው ጸጥታ ሲደፈርስ ካምፑ ተዘጋ፤ ላታና ባሏ አገራቸው ገቡ። ቦጋለች የሰማችው ከሄዱ በኋላ ነው፤ በማግስቱ ካምፑ ደጅ ድረስ ሄዳ፣ በተቆለፈው በር ፊት ጥቂት ቆማ ተመለሰች።